የፈይሩዝ ቆጥና የልብስ ሰፊ ቁመት

ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ባለው ቤቷ ልብስ የምትሰፋው ፈይሩዝ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴት የአማቷን አመል ሳይቀር ዘርግፋላት ትሄዳለች።

ዘንድሮ ጥያቄዋ ወደ ቆጡ ወጣ። ልጇ ኑርሃን ካራቆሬ ጤና ጣቢያ ሥራ ይዛ፣ «ለብቻዬ የምሆንበት ክፍል ካላገኘሁ እዚያው ቤት እከራያለሁ» ብላለች። ፈይሩዝ ደግሞ አንድያ ልጇ ከቤት እንድትወጣ ሆዷ እሺ አላለም። ያላት ትርፍ ቦታ ከመስፊያዋ በላይ ያለው፣ የአባቷ ማሽላ ይቀመጥበት የነበረው ቆጥ ብቻ ነው። ሰፊ ነበር፤ ዳሩ ግን ከግድግዳ ግድግዳ የተጋደሙት እንጨቶች ደረት ላይ ስለሚደርሱ የወጣ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚሄደው።

አናጢው ጋሼ ሰይፉ መጥተው መሰላል ሲያስደግፉ ተከትላቸው ወጣች።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ይሄ አግዳሚ ምን ይሠራል?»

«ቀበቶ ነው።»

«ቀበቶ?»

«የጣራው ወራጆች ቆርቆሮውን ተሸክመው እግራቸውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። አግዳሚው ሰብስቦ ይይዛቸዋል። ቆርጬ ብጥለው ግድግዳሽ ግራና ቀኝ ይከፈታል።»

«ከፍ ብሎ ቢታሰርስ?»

«ይቻላል። ግን ብብት ሥር የታሰረ ቀበቶ ሱሪ አይዝም፤ ልክ አለው። እስቲ የልጅቷን ቁመት ንገሪኝ።»

ኑርሃን ሥራ ላይ ነበረች። ፈይሩዝ ግን ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትለካ የኖረች ናትና ቁጥሩን በቃሏ ጠራችው።

ጋሼ ሰይፉ የደከሙትን ወራጆች በጎናቸው አዲስ እንጨት ደርበው አጠነከሩ። ላይኛው አግዳሚ ሳይታሰር ታችኛውን አልነካም አሉ፤ አዲሱን ከተነገራቸው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርገው ካሰሩ በኋላ ታችኛውን ቆረጡት። አንድ የበሰበሰ ወራጅ ነቅለው «ወራጅ አለ» እያሉ ሲያወርዱ፣ ልብስ ልታሰፋ የመጣችው ዓይሻ ከታች፣ «ካራቆሬ ደረስን እንዴ?» አለች።

ሥራው ያለቀ ዕለት አመሻሹ ላይ ኑርሃን ወጣች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች አዲሱ አግዳሚ አፍንጫዋ ላይ ተደቀነ።

«እማ፣ ጭንቅላቴን የት ላስቀምጠው?»

ጋሼ ሰይፉ ልጅቷን በሜትራቸው ለክተው ወደ እናቷ ዞሩ። «አንቺ ሴት፣ ቁመት ስልሽ ከየት ጀምረሽ ነው የቆጠርሽው?»

«ከትከሻ ነዋ። ቁመት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት አይደል?»

«የቀሚስ ጠየቅሁሽ?»

«ቁመት ነው ያሉኝ። እኔ ጭንቅላት ሰፍቼ አላውቅም።»

«እኔም አጠረችብኝ ብዬ ነበር፤ አንቺን ሳይ በእናቷ ወጥታለች ብዬ ተውኩት።»

ኑርሃን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ከዚህ በላይ ከፍ አይልማ?»

«አይልም፤ ከዚህ ከወጣ የብብት ቀበቶ ይሆናል» አሉ ጋሼ ሰይፉ።

«በቃ፣ እከራያለሁ።»

ፈይሩዝ ጣራውን ትታ እግሯ ሥር አየች። «አግዳሚው ከፍ ካላለ፣ ወለሉስ ዝቅ አይልም?»

ጋሼ ሰይፉ ወርደው የቆጡን ወለል ርብራብ ከሥሩ መረመሩት። የቆመው በራሱ የባላ ምሰሶዎች ላይ ነው፤ ግድግዳውን አይዝም። «ይሆናል» አሉ። «ግን በወረደ ቁጥር ያንቺ መስፊያ ቦታ ያጥራል።»

«እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምሰፋው።»

ባላዎቹ ተቆረጡ፤ ርብራቡ ወረደ። ኑርሃን ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። ፈይሩዝ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ፣ «ልክሽ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ቆሜ ነው የማወራሽ» አለች ኑርሃን ከላይ።