ከኮምቦልቻ የሚበራው የበረንዳ መብራት

የእናቴ ቤት ደሴ ነው፤ እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ሲወርድ ጊዜም አይፈጅበትም፤ ሽቅቡ ግን ሁልጊዜ ይረዝምብኛል። ሰበብ አላጣም። ፈረቃ አለ፣ ጉም አለ፣ ድካም አለ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ቀርቼ እሁድ ስደውልላት እናቴ አንድም ቀን ተቀይማኝ አታውቅም። "ሥራ ነው እንጂ ምን ታደርግ" ትለኛለች፤ እኔም ቶሎ እሺ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን ያማት ጀመር። የበረንዳዋ መብራት ማብሪያ ያለው ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ከደረጃው በታች ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ከሥራ ሲገባ እንዲመቸው ብሎ እዚያ አስገጠመው። እሷ ግን ሲመሽ በዝናብም ቢሆን ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፋ ትወርዳለች፤ አብርታ ተመልሳ ትወጣለች። አንድ ቀን እንዲህ ስትሆን አይቼ አንጀቴን በላችው። እውነቱን ለመናገር ግን ያሰብኩት ስለ ጉልበቷ ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር ገዝቼ ብገጥምላት፣ በየሳምንቱ አለመምጣቴ የሚካስ መስሎኝ ነበር።

ደሴ ፒያሳ ባሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች እየገባሁ በስልክ የሚበራ ማብሪያ እንዳላቸው ጠየቅሁ። አንዱ ሪሞት ያለው አምፖል አወጣልኝ። ሌላው ስልኬን ተቀብሎ የእጅ ባትሪውን አበራና ይኸው አለኝ፤ አብረን ሳቅን። በመጨረሻ አንድ ባለሱቅ ከመስታወቱ ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። ከአዲስ አበባ ጥቂት አምጥቶ ደሴ ላይ ሰው ዞር ብሎ አላየውም፤ የሚፈልግ ከተገኘ ግን አዝዞ በአውቶቡስ ያስመጣል። የሚጠይቁትም በብዛት ኮምቦልቻ አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ቅንጦት የሚመስለው ነገ የሁሉም ቤት ዕቃ ይሆናል፣ ልጆቻችን ግድግዳ እየዳበሱ መብራት ማብራትን በወሬ ነው የሚሰሙት እያለ ሲያወራልኝ ደስ አለኝ። ቤቱ ኢንተርኔት እንደሌለው ስነግረው ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ ዋይፋይ ጨመረልኝ። እጄ ላይ የተሸከምኩት ዕቃ ሳይሆን የነገው ዘመን መሰለኝ።

ስገጥመው እናቴ ወንበር አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእጅም እንደሚሠራ አሳየኋት፤ ከእንግዲህ ግን ለመብራት ብላ ደረጃ እንዳትወርድ፣ እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ በየምሽቱ እንደማበራላት፣ ጠዋትም እንደማጠፋላት ነገርኳት። እሷ ግን ከአጥር ወዲያ ወዳለው ቤት ተመለከተች።

እዚያ የምትኖረው ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፤ ሁለቱ አብረው ወልደው አብረው ነው ያሳደጉት። የእሷ ልጆች ዐረብ አገር ናቸው፣ የእናቴ ልጅ ደግሞ ቅርብ ሆኖ የማይመጣው እኔ ነኝ። ሁለቱም ብቻቸውን ሲቀሩ አንድ ልማድ አበጁ። ሲመሽ እያንዳንዳቸው የበረንዳቸውን መብራት ያበራሉ። ጎረቤታችን መግሪብ ከሰገደች በኋላ በመስኮት ታያለች፤ የእናቴ መብራት ካልበራ ሻርፗን ጣል አድርጋ ትመጣለች። እናቴም ለእሷ እንዲሁ። የሰፈሩ መብራት የጠፋ እንደሆነ በአጥሩ ላይ ይጠራራሉ።

"እሷ እኮ ደህና መሆኔን የምታውቀው መብራቴን አይታ ነው" አለችኝ እናቴ።

"እንግዲያማ በጣም ጥሩ፤ እኔ አልረሳም፣ እሷም በከንቱ አትጨነቅም" አልኳት።

ወንበሯን ይዛ ወደ ቤት ገባች። እሺ ማለቷ መሰለኝ። ጉዳዩን እየነገረችኝ እኔ ካቻቢቴዬን እፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኩራቴን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ከፈረቃ ወጥተን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ስልኬን አውጥቼ "እዩ፣ አሁን ደሴ መብራት ላበራ ነው" እል ነበር። ከኩታበር የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለወላጆቹ ቤት መግዛት ፈልጎ ከየት እንዳገኘሁት ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ራሴ የሠራሁት ይመስል እያብራራሁ አስረዳሁት። ማብሪያውን ከገጠምኩ ወዲህ ማታ ማታ መደወሌ እየቀነሰ ሄደ። ስልኬ "በርቷል" ሲለኝ እናቴ ራሷ ደህና ነኝ ያለችኝ ይመስለኝ ነበር።

የወደቀችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከማድቤት ስትወጣ እርጥቡ መሬት አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ስልኳ አልጋዋ ላይ ነበር። ጮኸች፤ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምጿ ከግቢው አልወጣም። ቢሆንም እምብዛም አልተሸበረችም፤ ሲመሽ መብራቱ ሳይበራ ሲቀር ጎረቤቷ እንደምትመጣ ታውቃለች። እዚያው ተኝታ መምሸቱን ትጠብቅ ጀመር።

መሸ። እኔም አበራሁት።

ጎረቤታችን ሰግዳ ተነሳች፣ በመስኮት አየች፣ አልሐምዱሊላህ ብላ መጋረጃዋን ዘጋች። እናቴ እዚያው ብርድ ላይ አደረች። በማግስቱ ጠዋት ፈረቃ ነበርኩና መብራቱን ማጥፋት ረሳሁ። ጎረቤታችን በጠራራ ፀሐይ አምፖሉ እንደበራ ስታየው ቆጣሪ አታስቆጥሪ ልትላት መጣችና አገኘቻት። እናቴን ያተረፋት የእኔ መርሳት ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እጄን ያዘችኝ።

"አውፍ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ወላሂ መብራቷ በርቶ አይቼ ነው የተኛሁት" አለችኝ።

እናቴ አዲስ ማብሪያ መገጠሙን ነግራታለች፤ ከኮምቦልቻ እንደሚበራ ግን አልነገረቻትም። ልጇ መምጣት ስለተወ በስልክ ያበራላታል እንዳይባልብኝ ደብቃልኝ ይሆናል። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ያበራሁት እኔ ነኝ" አልኳት፤ ስልኬንም አሳየኋት።

ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አብሽር፣ አይዞህ" ብላኝ ወደ እናቴ ገባች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ከረምኩ። ለእናቴ የምትደገፍበት ብረት ፍለጋ ስወጣ ያ ባለሱቅ አገኘኝ፤ የሆነውን ነገርኩትና ከልቡ አዘነ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ዕቃ እንዳለ አወራልኝ። ቤት ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ መብራት የሚያበራ፣ እንቅስቃሴ ከጠፋም ስልክ ላይ የሚነግር ነው፤ አሁን በትእዛዝ ብቻ ይመጣል፣ ወደፊት ግን እንደ ልብ ይገኛል አለኝ። ዕቃውን አልጠላሁትም። እንዲያውም ልቤ ተነሳ፤ የተነሳውም ፈቃዴ ሊያልቅ ስለተቃረበ ነው። ይህን ሳውቅ ራሴን ታዘብኩት፤ ቢሆንም እንዲያስመጣልኝ ነገርኩት።

የዚያን ዕለት አመሻሽ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ስለ አዲሱ ዕቃ ለእናቴ አስረዳኋት። ከእንግዲህ ብትወድቅ ወዲያው እንደማውቅ፣ ወደ ሥራ ብመለስም ሐሳብ እንዳይገባት ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ።

"ያን ቀን መብራቱ ሲበራ ካለሁበት አይቼዋለሁ" አለችኝ። "ከሩቅ ሆነህ እንደምታበራው ጭራሽ ጠፋኝ። ልጄ ደረሰልኝ ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ስምህን ጠራሁ።"

እሷ ስትጠራኝ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስልኬን ለሰው እያሳየሁ ነበር።