የአባዬ የእሑድ ጉርሻ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ጦርነት የለበትም፣ ስደት የለበትም፤ ሬስቶራንት ገብቶ ምሳ ስለመብላት ነው። ደግሞም ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላውን ነገር ትዝታ ብሎ መጥራት ያስቃል። ግን ትናንት የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ውስጥ፣ ስሜ የተለጠፈበትን የተሸፈነ ሳህን ስቀበል፣ የምታስረክበኝ ሴትዮ እያየሁ ጓንቷን ቀየረችና "አይዞሽ፣ ማንም አልነካውም" አለችኝ። አመስግኜ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። መብላት ግን አቃተኝ።

ሲሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለብኝ የታወቀው የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ሲጀመር ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር ያለችው ሐኪም ለእማዬና ለአባዬ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፦ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቴን ያቆስለዋል፤ መድኃኒት የለውም፤ መራቅ ብቻ ነው፤ ለመታመም ፍርፋሪም ይበቃል። እማዬ "ጤፍስ?" አለች። ንጹሕ ጤፍ ከሆነ ምንም አይደል ተባለ። ክላርክስተን ካለው የሐበሻ ሱቅ የምንገዛው እንጀራ ግን ስንዴም ገብስም ይገባበት ነበርና ቤታችን በአንድ ሳምንት ተለወጠ። እማዬ የቆየውን መጥበሻ ሁሉ አወጣች፤ የእኔን ማንኪያዎች ለብቻ መሳቢያ አስቀመጠች።

ያልተለወጠው እሑድ ብቻ ነበር። አባዬ በሳምንት ስድስት ቀን የሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል፤ እማዬ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ የምንቀመጠው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻ ነው፤ ያውም ከሰፈራችን ከስቶን ማውንቴን ብዙ ሳንርቅ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ስቴክ ቤቶች በአንዱ። አባዬ "እሑድ እናትሽ ምድጃ አጠገብ አትቆምም" ይል ነበር። በሽታዬ ሲታወቅ እማዬ "ይቅርብን፣ እቤታችን እንብላ" አለች። የአባዬ ፊት ጨለመ። እኔ ሰው ሲከፋው ማየት አልችልም። "ግድ የለም፣ ጠይቄ እበላለሁ" አልኩ።

እንደ ትምህርት አጠናሁት። ሥጋው በንጹሕ ፎይል ላይ እንዲጠበስ፣ ዱቄት የተቀባ ዶሮ የገባበት ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ድንች እንዳይመጣ፣ ከነልጣጩ የተጋገረው እንዲሆን፣ ጓንት እንዲቀየር። አባዬ ሁለተኛ ብርጭቆ ውኃ እንኳ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ነው። ለእኔ ሲል ግን ይህን ሁሉ ሸምድዶ ለአስተናጋጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም ያደርስላቸው ነበር። "ኒው ግላቭስ፣ ፕሊስ" ሲል እኔና እማዬ እየተያየን እንስቃለን።

ሳህኔ ሲመጣ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያደርገው ነገር አለ። ሳያጎርሰኝ ምሳ አይጀመርም። ከሥጋው አንድ ቁራጭ፣ ከድንቹ ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ ያዘጋጅና "አፍሽን ክፈቺ፣ ፕሮፌሰር!" ይለኛል። የጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ ቢያየን ግድ የለውም።

ከዚያ በፊት ግን ሁልጊዜ ገበታው ላይ የሚቀመጠውን ትኩስ ዳቦ ይቆርሳል። በሁለተኛው እሑድ ፍርፋሪውን ጣቶቹ ላይ አየሁት። አፌ ተከፍቶ ነበር። ዋጥኩት።

አባትን "እጅህ ያሳምመኛል" እንዴት ይባላል? ቃሉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፈለግሁ። በሚቀጥለው እሑድ እነግረዋለሁ እያልኩ ዘገየሁ፤ በዘገየሁ ቁጥር ደግሞ "እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" የሚለው ጥያቄ ከነገሩ የበለጠ አስፈራኝ። ሰኞ ሰኞ ሆዴ ይነፋል፤ ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም። አባዬ "ማእድ ቤታቸው ነው" ሲል "ጓንት ረስተው ይሆናል" አልኩት። ሬስቶራንት ቀየርን። እዚያም ታመምኩ፤ ደግመን ቀየርን። ቅጠሉ ረገፈ፣ ብርዱ መጥቶ ሄደ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ ድንች ብቻ እየበላሁም ታመምኩ፤ ዳቦ ያለ ቅቤም ፍርፋሪ አለው። ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አይታ "ከየት ነው የሚገባብሽ?" ስትለኝ ጫማዬን አየሁ።

ከፋሲካ በኋላ የሄድንበት ሬስቶራንት ውስጥ ሚስ ሎሬታ የምትባል፣ በዕድሜ ገፋ ያለች አስተናጋጅ ነበረች። የእኔን ሳህን ለሌላ ሰው ሳትሰጥ ራሷ ከማእድ ቤት ይዛው መጣች። እንደገና ታመምኩ። በሳምንቱ ስንመለስ አባዬ ዳቦውን ቆርሶ ነበር፤ ያዘዝነው ሳይመጣ ማናጀሩን አስጠራው። እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"ልጄ ሦስት ቀን ተኝታለች!" አለ። "ይቺ ሴትዮ ናት ያመጣችላት።"

ሚስ ሎሬታ እጆቿን ዘርግታ አሳየች። "እጄን ታጥቤ፣ አዲስ ጓንት አድርጌ ነው የያዝኩት፣ ጌታዬ። እኔም የልጅ ልጅ አለኝ።"

ማናጀሩ ወደ እሷ እንኳ ሳያይ "ሽርጥሽን አውልቂና ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ነገ እንነጋገራለን" አላት። ሽርጧን መፍታት ጀመረች። ጣቶቿ ቋጠሮውን አላገኙትም።

"አባዬ፣ እሷ አይደለችም" አልኩ። "እጅህ ነው።"

"ምን?"

"ዳቦ ቆርሰህ ታጎርሰኛለህ።"

አባዬ ዳቦውን እንደያዘ ነበር። እማዬ ቀስ ብላ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አለች።

"ከኦክቶበር።"

"ሰባት ወር?" አለ አባዬ። "ሰባት ወር እያወቅሽ ዋጥሽው?"

ዳቦውን አስቀመጠ። ለማናጀሩ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ እሷ ምንም እንዳላደረገች ተናገረ። ተነሥቶ ይቅርታ ሊጠይቃት እጁን ለሚስ ሎሬታ ዘረጋ፤ ከዚያ እጁን አየና መልሶ ሰበሰበው። ታጥቦ ሲመጣ ምግቡ ቀርቦ ነበር። እጆቹን ጠረጴዛው ሥር እንዳደረገ ቁጭ አለ። ሳህኔ ፊቴ እንደተቀመጠ በረደ፤ "ብዪ እንጂ" አለኝ። ያን ቀን በራሴ ሹካ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አባዬ የእሑድ ሺፍት ወሰደ። "መታጠብ ብቻ እኮ ነው አባዬ" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ፤ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን አናውቅም።

አሁን ጤነኛ ነኝ። ታምሜ ሳለሁ የረገፈው ፀጉሬ በቅሏል፤ የደም ምርመራዬም ንጹሕ ነው። እሑድ እሑድ አባዬ በእረፍቱ ከኤርፖርት ይደውልልኛል።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"እጃቸውን ይታጠባሉ?"

"ይታጠባሉ፣ አባዬ።"

"ፕሮፌሰር" ብሎ ግን ዳግመኛ ጠርቶኝ አያውቅም። በእኔ ምክንያት ስንት አስተናጋጅ እንደተወቀሰ አስባለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በጊዜው ብናገር ኖሮ ምን ሳይበላሽ ይቀር እንደነበርም አስባለሁ። ሐኪሟ ግሉተን ለመጨረሻ ጊዜ የገባብኝ መቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ቀኑን በትክክል ነገርኳት፤ አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሰኝ ቀን ነው። እሑድ፣ ሜይ 11።