ሁለት ውሃ የቀረው ካባ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ጎረቤቴ የብረት በሩን ሰማያዊ ሲያስቀባ፣ የቀለሙ ሽታ አጥር ዘሎ መጥቶ ቁርሴን አበላሸብኝ። ወጥቼ ባይ ቀቢው ልጅ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ይደርብበታል፤ ቀለሙ እንደ ሕፃን ንፍጥ ይወርዳል። «ይድረቅ እንጂ ልጄ» ስለው፣ «ይበቃል አባባ» አለኝ። ደሜ ፈላ። በሩ የኔ አይደለም፤ የኔማ በር ከተገጠመ ጀምሮ ብሩሽ አይቶ አያውቅም። ግን ያቺን ቃል መጀመሪያ የሰማኋት ከአባቴ አፍ ነው፤ እስከ ዛሬም አልዋጥ ብላኛለች።

አባቴ ለግሸን ተሳላሚዎች የሚሸጡ፣ መዳፍ የሚያካክሉ የእመቤታችን ሥዕሎችን በጣውላ ላይ ይሥል ነበር። ስሙን ያስጠራው የካባዋ ሰማያዊ ነው። ከእጥፋቱ ሥር እንደ ሌሊት የጠቆረው ወደ ትከሻዋ ሲወጣ እየፈዘዘ፣ እየፈዘዘ ሄዶ የንጋት ሰማይ ይሆናል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዓይን አይዘውም። ዘዴው ቀለሙን በሙጫ ውሃ አቅጥኖ፣ የታችኛው በላይኛው ውስጥ እስኪታይ ድረስ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት ነው፤ እያንዳንዱን ስስ ቅብ «አንድ ውሃ» እንለው ነበር። የታችኛው ሳይደርቅ የተደረበበት እንደሆነ ይነሳና ይደፈርሳል። ታዲያ በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲውጣት፣ እንኳን ቀለም፣ የተሰጣ ካልሲም አይደርቅ።

ስለዚህ ሥዕሎቹን በሣጥን ይዤ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በአውቶቡስ እያቅለሸለሸኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ፀሐይ እወርድ ነበር። የማርፈው የአባቴ ወዳጅ ሚስት ከሆኑት ከእትዬ ዘሀራ ዘንድ ነው። ሥዕል ግቢያቸው ማስገባት በሃይማኖታቸው ቢከብዳቸውም ፊት እስካልተሣለበት ድረስ ግድ የለም ብለው ነበር፤ አባቴም ፊት የሚሥለው መጨረሻ ላይ ስለሆነ በዚያ ተስማሙ። እናም ፊት የሌላቸው ሰማያዊ ካባዎች ከእትዬ ዘሀራ በርበሬ ጎን ሰሌን ላይ ይሰጣሉ፤ እሳቸው ዶሮዎቹን «እሽ» እያሉ ፀሐዩን ተከትለው ያዞሯቸዋል፤ እኔ በደረቁት ላይ ቀጣዩን ውሃ እቀባለሁ።

ያን ክረምት አባቴ አንዷን ጣውላ ለራሴ ሰጠኝ። ከዚያ በፊት የሞከርኳቸው እመቤታችንን ካባ የለበሰች ሳይሆን ዝናብ ያበሰበሳት አስመስለዋት ነበር። ይህቺኛዋ ግን ያዘችልኝ። ሰማያዊው ያለ አንዳች መስመር ወደ ትከሻዋ ወጣ። ሁለት ውሃ፣ ማለትም የሁለት ቀን ፀሐይ፣ ብቻ ሲቀራት አባቴ ከአንድ ነጋዴ ጋር በመኪና ከተፍ አለ። ሰውየው ሥዕሎቹን ቀድሞ ገበያ ማድረስ ፈልጓል። አባቴ ብሩሹን አወጣ፤ እዚያው ግቢው መሐል ተቀምጦ፣ ቃሉን ረስቶ ፊት መሣል ጀመረ።

እትዬ ዘሀራ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ወላሂ፣ ወንድምዓለም፣ አልደረሰም» አሉት። «የልጁን እንኳ ይተዉለት።»

«ለተሳላሚ ይበቃል» አለ አባቴ።

እሳቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። የኔ ካባ ገና እርጥብ ነበርና የፊቱ ቀለም ሲነካው ሰማያዊው ተነስቶ አገጯ ላይ ፈሰሰ። አባቴ በአውራ ጣቱ ጠረግ ቢያደርገው ባሰበት፤ እንደዚያው ለነጋዴው ሰጠው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሀራ ሣጥናችንን አልተቀበሉም፤ እኔን ግን ምሳ ሳያበሉ ሸኝተውኝ አያውቁም። አባቴም በቆርቆሮ የሚሸጥ የፋብሪካ ቀለም ገዝቶ ካባውን በአንድ ቅብ መገላገል ጀመረ። ተሸጠለትም፤ ይኸው ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

ሁለቱም አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም ለቅሶ ቤት ስገባ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ትቼ ግድግዳ ለግድግዳ ስቃኝ ባለቤቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። የሆነ ቤት ውስጥ አገጯ ሰማያዊ የሆነች እመቤታችን ተሰቅላ ሰው ይሳለማታል። ባገኛት ባለቤቶቹን ለምኜ የቀረውን እጨርስላታለሁ እል ነበር፤ በቅርቡ ብሩሽ አንስቼ ብሞክር ግን እጄ ተንቀጥቅጦ ከጣውላው ይልቅ ጋቢዬን ቀባሁት። ቀለሙ አለ፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ አለች፤ ጊዜም እንደ ጉድ ተርፎኛል። የሌለው የዚያ ልጅ እጅ ነው። ያ እጅ በነበረ ጊዜ መጠበቅ የነበረብን ሁለት ቀን ብቻ ነበር።