ጫልቱ እናቴን ያስተማረችበት ዓመት

የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሲቃጠል የሚያወጣው ሽታ፣ ጣፋጭም መራራም ሆኖ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነው። ባለፈው ኅዳር ከአዳማ ወደ ወንጂ ስወርድ ያ ሽታ በመኪናው መስኮት ገብቶ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ ወስዶ ስድስተኛ ክፍል አስቀመጠኝ። በደርግ ዘመን አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ስለነበር የምንኖረው በሠራተኞች ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። የቆረጣው ወራት ሲደርስ ጥቁር አመድ ከሰማይ እየረገፈ እናቴ አጥባ ባሰጣችው ልብስ ላይ ያርፍ ነበር፤ እሷም በኦሮምኛ እየተራገመች አራግፋ እንደገና ታሰጣው ነበር።

ጫልቱ ወደ እኛ ቤት የመጣችው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። የእናቴ የታላቅ ወንድም ልጅ ስትሆን፣ አባቷ አርሲ ነገሌ አካባቢ በሞተ በዓመቱ እናቴ ሄዳ፣ «ይህችን ልጅ እኔ አስተምራታለሁ» ብላ ይዛት መጣች። በሁለት ዓመት ብትበልጠኝም የገባችው ከእኔው ክፍል ነበር፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሚኒስትሪ የምንለው ትልቁ ፈተና ሁለታችንንም ይጠብቀን ነበር። እናቴን «አዳዳ» እያለች ነበር የምትጠራት፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው።

ሰነፍ አልነበረችም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተሯን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። በማግስቱ ስትጠየቅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይመጣላትም ነበር። ያደገችው በኦሮምኛ፣ ትምህርቱ በአማርኛ፤ የምትሸመድደው ቃል ለእሷ ድምፅ እንጂ ነገር አልነበረም። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ አባቴ፣ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ እኅትሽን አስጠኚያት» ቢለኝ ጊዜ፣ እጠይቃትና ገና አፏን ሳትከፍት ራሴ መልሼው፣ «አንቺ ደንቆሮ!» ብዬ ደብተሩን እወረውርላት ነበር። ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች። አንድም ቀን መልሳ አልተናገረችኝም።

ኅዳር ላይ የሳይንስ መምህራችን ጫልቱን አስነሥቶ፣ «ዝናብ እንዴት ይፈጠራል?» አላት። «ትነት ማለት…» ብላ ጀመረችና እዚያው ላይ ቆመች። «ትነት ማለት… ትነት ማለት…» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ «ዝናብማ ከነገሌ ነው የሚመጣው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ዘመዷ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ጫልቱ ዞር ብላ ሳታይ ተቀመጠች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ገመዳ፣ አንድ ጆንያ ድንች አሸክሞ ከነገሌ መጣ። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ለጫልቱ የጋብቻ ጠያቂ መጥቷል፤ ደህና ሰው ነው። ትምህርቱ እንደሆነ አልሆነላትም አሉ፤ ከእኔ ጋር ትመለስ» አለ። ጫልቱ አንገቷን እንደደፋች፣ «እሄዳለሁ» አለች። እናቴ ግን የሻዩን ብርጭቆ ከአጎቴ እጅ ተቀብላ፣ «ሚኒስትሪን ትፈተን። ካለፈች እዚሁ ትቀራለች፤ ከወደቀች ክረምት ላይ መጥተህ ውሰዳት» አለችው።

እናቴ ያኔ ራሷም ተማሪ ነበረች። ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ያስተምር ስለነበር፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እየሄደች ከፊደል ጋር ትታገል ነበር፤ ዛሬ የለየችው «ጸ» ነገ ይጠፋባትና በራሷ ትናደድ ነበር። እኔ ያልገባኝ የጫልቱ ችግር ለእሷ የገባት ለዚህ ይመስለኛል። አጎቴ በሄደ በማግስቱ ምስር እየለቀመች ጫልቱን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻትና፣ «ደብተሩን ዝጊው። ዛሬ የተማራችሁትን ለእኔ አስተምሪኝ። በኦሮምኛ» አለቻት።

ጫልቱ ግራ እየተጋባች ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ውሃ በፀሐይ ሞቆ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ተናገረች። እናቴም፣ «ሲወጣ ለምን አይታየኝም?» አለች። እኔ መልሱን አውቀው ነበርና ዘልዬ፣ «ስለሚተን ነዋ!» ስል፣ «መተን ምንድነው?» አለችኝ። «መተን… መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩ። «እንግዲያው አንቺም አታውቂውም፤ ዝም በይ» አለችኝና ወደ ጫልቱ ዞረች። ጫልቱ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ትክ ብላ አይታ፣ «አዳዳ፣ ክዳኑን ሲያነሱት ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ከየት መጣ?» አለች። እናቴ እጇን ከምስሩ ላይ አነሣች። «በይ አሁን ይህንኑ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እናቴ፣ «ያ የዝናቡ ነገር ጠፋኝ፣ እስኪ ድገሚልኝ» ትላለች፤ በሳምንቱ ደግሞ እንደገና ትረሳዋለች። ጫልቱም ያለ ደብተር፣ እየተሻሻለች ትደግምላት ነበር። አባቴም ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ፣ «ዛሬ ምን ላይ ናችሁ?» ይል ነበር፤ ልብ ስንት ክፍል እንዳላት የማያውቅ ሰው በቤታችን አልነበረም። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ጫልቱ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ጀመረች። አንድ ቀን ዝናብ ሸሽተን አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመን ሳለን፣ «ያን ቀን እኔም ስቄብሻለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች ወደ ዝናቡ እያየች፤ «ድምፅሽን ለይቼዋለሁ።» ደብተሮቼ እንዳይርሱ ተቀብላኝ ከነጠላዋ ሥር ከተተቻቸው።

ሰኔ ላይ ፈተናው ደረሰ። ጫልቱ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ፈታኝ መጥቶ ወረቀቷን ቀማትና፣ «አንቺ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት። ደንግጣ ብድግ አለችና፣ «ከአክስቴ ጋር» አለች። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ፈታኙ ግራና ቀኟን አየ፤ አጠገቧ ማንም የለም። ለጥቂት ጊዜ አፍጥጦ ተመለከታትና፣ «በሆድሽ አውሪ» ብሎ ወረቀቱን መለሰላት።

ውጤቱ የተለጠፈው ክረምቱ ሳያበቃ ነው። ጫልቱ ሰሌዳው ጋ አልቀርብም ብላ ከበሩ ውጪ ስትቀር፣ በሰው መካከል ተሽሎክልኬ በመጀመሪያ የፈለግሁት የእሷን ስም ነበር። ማለፏን ስነግራት አላመነችኝም፤ እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት። አጎቴ ገመዳ በቀጠሮው መጥቶ ነገሩን ሲሰማ፣ «እንግዲህ ምን ይባላል» ብሎ አንድ ቀን አድሮ ብቻውን ተመለሰ። እሱን ከሸኘን በኋላ፣ «እማዬ፣ እውነት ያን ሁሉ ትረሺው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ግማሹን» አለችና ሳቀች። «የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አልነግርሽም።»

ጫልቱ ነርስ ሆና ወለንጪቲ ብዙ ዓመት ሠራች። እኔ አዳማ ቤት ሠርቼ እኖራለሁ። የመጨረሻው ልጄ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛና መብራት አለው፤ በሩን ዘግቶ ሲያጠና እንዳልረብሸው ኮቴዬን አጥፍቼ አልፋለሁ። የፈተና ውጤቱ በስልኬ ይደርሰኛል፤ ሁልጊዜም ጥሩ ነው። ምን እንደሚማር ግን አላውቅም።