ከማንገቻው ጫፍ አንድ ስንዝር

ባለፈው ሳምንት እያስተማርኩ መብራት ጠፋ። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ የተከራየ አዳራሽ ነው፤ ዝናብ በጀመረ ቁጥር መብራቱ ይሄዳል፤ ልጆቹም ለምደውታል። አንዲት ተማሪዬ ግን ወደ ጣሪያው እያየች እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መብራት የለም። ፋኑ ታዲያ ለምን ይዞራል?»

ጥያቄ ደስ ይለኛል። ከባድ ነገር አንዴ መዞር ከጀመረ ኃይሉ ቢቋረጥበትም ወዲያው እንደማይቆም አስረዳሁ፤ የብስክሌት ጎማንም ምሳሌ ሰጠሁ። ልጆቹ ገባቸው። እኔ ግን እየደከመ የሚዞረውን ፋን ቀና ብዬ ሳየው አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ማብራሪያ፣ በዚሁ ሰፈር፣ እንዲህ ባለ ዝናብ፣ እማማ ለተብርሃን ለሚባሉ አሮጊት ሰጥቼ ነበር።

ያን ጊዜ መምህርነት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳ እሰፋ ነበር፤ ቀበቶ፣ የእርሳስ ቦርሳ፣ የመጽሐፍ ልባስ። ለገበያ አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስናገር ከርሜ ዝም የምልበት ሥራ ስለሆነ ነው። በወስፌ እየበሳሁ በሁለት መርፌ ስሰፋ አውራ ጣቴ አብጦ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን የቤት ስፌት መኪና ብሞክር ደግሞ በሁለተኛው ድርብ ቆዳ ላይ የውስጥ ጥርሱ ተሰበረ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጋሽ ከድር ዘንድ ደርሶ ነበር። ጋሽ ከድር የሞያሌ ሰው ናቸው፤ ኢስትሊ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ሥር ክርና ቆዳ ይሸጣሉ። መምህርነቴን ካወቁ ጀምሮ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ምዋሊሙ፣ የሰው መኪና ገደልሽ አሉ?»

«ጥርሱ ነው የተሰበረው ጋሽ ከድር፤ ይጠገናል።»

«ጥርስ የሌለው ምን ይበላል? ቆዳ የሚበላ መኪና ፈልጊ እንጂ!»

ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው ሁለት ቦታ ጠቆሙኝ። አንደኛው መሃል ከተማ ያለ አዲስ መኪና የሚሸጥ ሱቅ ነው። ሁለተኛው እዚያው ኢስትሊ፣ የሟቹ የጋሽ ተኽለ ቤት። «ባለቤታቸው አሉ፤ ልጃቸው ልትሸጠው ትፈልጋለች። ግን በቀን ሂጂ።»

«ለምን በቀን?»

«ደረጃው ጨለማ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ዐይናቸውን ወደ ክሮቹ መለሱ።

የቆዳ መኪና ለሚመርጥ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚታየው አረማመዱ ነው፤ እግሩም መርፌውም የታችኛው ጥርስም ቆዳውን ይዘው አብረው መራመድ አለባቸው፤ አለዚያ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ አካሉ ነው፤ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ያለው ለቀበቶ ይመቻል፤ እንደ ክንድ የተዘረጋው ደግሞ ቦርሳን ከውስጥ አጥልቆ ጥጉን ለመስፋት። መጨረሻው ሞተሩ ነው። አዲሱ ሞተር ፔዳሉን ካልረገጡት ድምፅ የለውም። አሮጌው ግን ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ ያለማቋረጥ እያጉረመረመ ይዞራል፤ እግር ሲረገጥ ክላቹ ይያያዝና ያን ዙር ለመርፌው ያስተላልፋል።

መሃል ከተማ ያየሁት አዲስ፣ ጸጥ ያለና ጠፍጣፋ ነበር። ጥሩ ነው ብዬ ወጣሁ። ግን የቦርሳ ጥግ እንዴት አድርጌ ልዞርበት? በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ወደ ጋሽ ተኽለ ቤት ሄድኩ።

የረጅሙ ዝናብ ወራት ነበር። የኢስትሊ መንገድ ጭቃ ሆኖ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። ደረጃው በእርግጥም ጨለማ ነው፤ የሳምቡሳ ዘይት፣ የሄልና የእርጥብ ልብስ ሽታ አብሮኝ ወጣ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሳባ ነበረች፤ ናይሮቢ ያደገች፣ ላቪንግተን በተባለ የሀብታም ሰፈር የምትኖር፣ ሆዷ የገፋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ለመሄድ የቸኮለች ሴት።

«ቲቸር፣ ፕሊዝ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ማሚ ኢዝ ኖት ኦኬ። አባባ አሁንም ይሰፋል ትላለች። መኪናው ከወጣ በኋላ እኔ ጋ እወስዳታለሁ፤ እዚህ ብቻዋን አልተዋትም።»

«ሰምቻለሁ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ጆሮዬ ደህና ነው፤ የተያዘው እጄ ብቻ ነው።»

እማማ ለተብርሃን የሻይ ኩባያቸውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሪህ ጣቶቻቸውን አጣጥፎ አስሯቸዋል። ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኖሩ ነው። ከጎናቸው በነጭ ነጠላ የተሸፈነው መኪና ቆሟል። ነጠላውን እንድገልጠው በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ።

የምፈልገው ዓይነት ነበር፤ ክንዱ የተዘረጋ፣ ጥቁር ቀለሙ እጅ በነካው ቦታ ሁሉ የነጣ። መርፌው ግን አንድ ረጅም የቆዳ ጠፍር ውስጥ እንደተተከለ ነው። ጋሽ ተኽለ ለባለቤታቸው የዳዊት ማኅደር እየሠሩ ነበር አሉ፤ የጸሎት መጽሐፍ የሚያዝበትን ያን በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት። ከረጢቱ አልቆ ማንገቻውን እየሰፉ ሳለ ውሃ ልጠጣ ብለው ተነሡ፤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ወደቁ። መርፌውን ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሣውም።

«ተኽለ ስፌት ሲጨርስ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ይመለሳል» አሉኝ። «በሥላሴ ስም። ያልታሰረ ስፌት ያልተዘጋ በር ነው ይል ነበር። ይኼንን አላሰረውም። ስለዚህ አልሄደም።»

ሳባ ዐይኗን ወደ በሩ መለሰች።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከቀኑ አሥር ሲል እማማ ለተብርሃን በክርናቸው ማብሪያውን ተጫኑ። ባለቤታቸው ከምሳ በኋላ ሥራ የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ነበር፤ እሳቸውም ድምፁ ቤቱን እንዲሞላላቸው በየቀኑ ያበሩታል። ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ፔዳሉን የነካው የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

መርፌው ተነሣ።

ቀስ ብሎ፣ የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወጣና እንደገና ቆዳው ውስጥ ወረደ። ጠፍሩ አንዲት ስፌት ያህል ወደ ፊት ሄደ። ሳባ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። የእናቷን ነገር እስከዚያች ደቂቃ በወሬ እንጂ በዐይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

«አየሽ?» አሏት እናቷ። «እብድ ነኝ?»

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ክፍሉ ደበዘዘ። የሞተሩ ማጉረምረም ግን አልቆመም፤ እየቀጠነ፣ እየራቀ ይሄድ ነበር። በዚያ ጨለማ መርፌው እንደገና ሲወጣና ሲወርድ ሰማሁት።

ከዚያ አእምሮዬ ሠራ፤ ሲሠራም ደስ አለኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። «አገኘሁት!» አልኩ። ክላቹ ውስጥ ቡሽ አለ፤ በዝናብ ወራት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ሲያብጥ ማንም ሳይረግጠው ከሚዞረው ብረት ጋር ይነካካል፤ መርፌውም ይንቀሳቀሳል። መብራት ቢጠፋም ከባዱ ብረት ወዲያው አይቆምም። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። «እማማ፣ አይዞዎት፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። አንዲት ብሎን ባጠብቃት ሁለተኛ አይንቀሳቀስም።»

ሳባ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ሶሪ ማሚ» አለች። «ሶሪ። አላመንኩሽም ነበር።»

እማማ ለተብርሃን አላዩአትም። ወደ እኔ፣ ወደ ጠረጴዛው ሥር፣ ጎንበስ ብለው ነበር።

«ጓለይ» አሉኝ በትግርኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ስፈራ አይተሽኛል?»

ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ።

«ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ ተኽለ ያስረውና ይወስደኛል ብዬ ነው የምጠብቀው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።» በተጣጠፈ ጣታቸው ማንገቻውን ነኩት። «ቆዳው ሊያልቅ ነው። ሳባ ደግሞ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ነው። የልጅ ልጄን ሳላይ እንዳይጨርሰው ፈራሁ። ሙያሽ ቆዳ ነው አሉኝ። ብሎኑን ተይውና ማንገቻውን አስረዝሚልኝ።»

ሳባን አየኋት። እንባዋን እየጠረገች ራሷን ነቀነቀችልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጋሽ ከድር ሱቅ ተመሳሳይ ቆዳ ይዤ ሄድኩ። የሁለቱንም ጠርዝ አሳስቼ፣ በማስቲሽ አጣብቄ፣ መጋጠሚያውን በመዶሻ ደበደብኩት። መርፌውን አላነሣሁም። የታችኛውን ክር ሞላሁ፤ ብሎኗን አልነካሁም። እማማ ለተብርሃን ላቪንግተን አልሄዱም፤ ሳባ ናት እየተመላለሰች የምታያቸው። እኔ መሃል ከተማ ያየሁትን ጸጥተኛ መኪና በቁጠባዬ ገዛሁ፤ ጥጉንም በወስፌ መስፋቴን ቀጠልኩ።

የልጅ ልጃቸው ተወለደ፤ ክርስትናው ላይ በክርናቸው አቅፈውት አየሁ። ከዚያም በኋላ ዝናብ ሲመጣ ይደውሉልኝ ነበር። «ጓለይ፣ ቆዳ አጠረን» ይሉኛል። እሄዳለሁ፤ እቀጥላለሁ። የተሰፋው ማንገቻ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ቅርጫት ውስጥ እንደተኛ እባብ ይጠቀለላል። ልጁ በእግሩ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ቆዳዬን ይዤ ብመጣ በሻይ ተቀበሉኝና፣ «ይበቃል፤ የያዝሽውን ቆዳ ለሳባ ቦርሳ ስፊበት» አሉኝ።

ያረፉት በበጋ ነው፤ ቡሹ በሚደርቅበት፣ መኪናው ፈጽሞ በማይንቀሳቀስበት ወር፣ በእንቅልፋቸው። ከአርባቸው በኋላ ሳባ ጠራችኝ። «መኪናው ያንቺ ነው ብላለች» አለችኝ። «ማንም አልነካውም። እኔ አጠገቡ አልሄድም።»

ነጠላውን ገለጥኩ። መርፌው ከቆዳው ወጥቶ ነበር። እግሩም ወደ ላይ ተነሥቷል። ማንገቻውን ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ ወደቀ። ስፌቱ ከጫፉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል፤ በቆመበትም ላይ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ ታስሯል።

መኪና ያለ ሰው እጅ ወደ ኋላ አይሰፋም። ጎኑ ላይ ያለችውን እጀታ ወደ ታች ተጭኖ የሚይዝ ጠንካራ እጅ ያስፈልጋል። ያበጠ ቡሽ ያንን አያደርግም። ኩባያ በሁለት መዳፍ የሚይዝ እጅም ያደርገዋል ብዬ አላስብም።

መኪናው ዛሬ ቤቴ ነው። ሞተሩን በጸጥተኛው ቀየርኩት፤ አሁን ሳልረግጠው አይሄድም። ማንገቻው ከላዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ሳምንት መብራቱ ሳይመለስ ፋኑ ቆመ። ያቺው ተማሪዬ እጇን እንደገና አወጣች። «ቲቸር፣ አሁንስ ማን አቆመው?» ስለ አየሩና ስለ ሰበቃው ነገርኳት፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ወደ ቤት ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ማንገቻውን ከግድግዳው አወረድኩና አውራ ጣቴን በሦስቱ ስፌቶች ላይ አሳለፍኩ። ጠበቅ ያሉ ናቸው። ከዚያ ወደ ቦታው መለስኩት፤ መብራቱንም ሳላጠፋ ተኛሁ።