እማማ ኤድና በቁማቸው የወጡባት በር

እማማ ኤድናን የምታውቁ ሁሉ፣ እኚህ ደግ ሴት ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሆስፒታል አርፈዋል። አስተርጓሚያችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ኮል አድርገው ሲነግሩኝ ገና ከደረጃው ላይ በረዶ ጠርጌ መግባቴ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ባለው በአሮጌው መቃብር፣ ከባለቤታቸው ጎን ተቀብረዋል። ብዙዎቻችሁ በሥራ ምክንያት ስላልተገኛችሁ ቄሳችን አባ ኪሮስ «አንተ ቁልፍ ያዡ ትቀርባቸው ነበርና እንደምታወራው አድርገህ ጻፍላቸው» አሉኝ። ፊደል እንጂ ትምህርት የለኝም፤ እንደምንም እሞክራለሁ።

ለማያውቋቸው ልንገር። እማማ ኤድና የዚሁ በስደት የምንኖርበት አገር ሰው፣ ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ሜቶዲስት ነበሩ። ዛሬ ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር የምንቀድስባትን ይህችን ትንሽ ቤት የሠሯት አያቶቻቸው ናቸው። አሁን ዙሪያዋ ፎቅና ፓርኪንግ ሆነ እንጂ ያን ጊዜ አካባቢው ሁሉ የገበሬ መንደር ነበር። በኋላ ሜቶዲስቶቹ ከሌሎች ጋር ተዋህደው ስማቸው ተለወጠ፣ መንደሩንም ከተማ ዋጠው፣ ወጣቶቹም ሄዱ። እኛ ቤቲቱን ስንገዛ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

በርክክቡ ቀን እማማ ኤድና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። «የእናቴም፣ የአባቴም፣ የባሌም አስከሬን የወጣው በዚህች በር ነው። እኔም ስሞት በዚህችው አውጡኝ» አሉ። አባ ኪሮስም እጃቸውን ጨብጠው ቃል ሰጡ። ሁላችንም አጨበጨብን። ቀኑ ዳመና ነበርና ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ በዚያች በር ስንጥቅ ገባች። በሯ ምሥራቅ ናት! እንደምታውቁት የእኛ መቅደስ ምሥራቅ መሆን አለበት። ሜቶዲስቶቹ ግን ይህ ግድ ስለማይሰጣቸው በሩን ወደ መንገዱ፣ መስበኪያውን ወደ ምዕራብ አድርገውታል። እንግዲህ ቤቲቱን ፊቷን ማዞር ሊኖርብን ነው፤ በሯን ደፍነን እዚያ መቅደስ መሥራት፣ በምዕራብ ግድግዳ ሌላ በር ማውጣት። ይህን ካደረግን ደግሞ ለእማማ ኤድና የተሰጠው ቃል ቀረ። አባ ኪሮስ አስበው አስበው፣ ታቦቱ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ይቆይ፣ ቅዳሴውም እዚያው ይሁን፣ እዚህ የልጆች ትምህርትና ስብከት ብቻ ይሁን አሉ።

ከኮሚቴው አንዱ «አባ፣ ስንት ዓመት ልንጠብቅ ነው? እሳቸው እንደሆኑ ከእኔ ይበረታሉ» ቢላቸው፣ «ቃል ስሰጥ ስታጨበጭብ አይቼሃለሁ፤ አሁን ጠብቅ» አሉት።

እማማ ኤድና በየእሑዱ ለስብከቱ ይመጡ ነበር፤ ቋንቋውን አያውቁትም፣ ግን ይመጣሉ። በሯ ለእሳቸው ስትባል እንደቆየች ሰምተዋል፤ ቅዳሴያችን በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። እንደገቡ አባን ሰላም ይሉና «ይቅርታ፣ ዛሬም አልሞትኩም» ይላሉ። አባም «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ እሳቸው ይስቃሉ።

በሥራ ቀን ሲመጡ ቤቲቱን ያስጎበኙኝ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ ከቁልፍና ከመጥረጊያ አያልፍም፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካሉ ይተረጉሙልናል፣ ከሌሉ በእጅ እንግባባለን። ጡቡ ከኋላ ካለው ጅረት ጭቃ ወጥቶ እዚያው የተተኮሰ ነው። በአንዱ ጡብ ላይ የውሻ እግር ምልክት አለ፤ ሳይደርቅ ረግጦት ይሆናል። «ይህ የአያቴ ውሻ ነው፤ ከቤተ ሰባችን በግድግዳው የቀረው እሱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። የጣሪያው እንጨት በሚስማር ሳይሆን በእንጨት ችንካር የተያያዘ ነው። መስኮቶቹ ለጸሎት እንደተገጠመ መዳፍ ጫፋቸው የሾለ ነው፤ መስታወቱ ግን ሥዕል የለበትም። ይህን ስጠይቃቸው «የእኛ ሰዎች ማየት ሳይሆን መስማት ነበር የሚወዱት» አሉኝ። መስበኪያውን መሀል ላይ ከፍ አድርገው የሠሩትም ለዚሁ ነው።

ከበሯ አጠገብ ደግሞ የተደፈነ የሌላ በር ምልክት አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ እማማ ኤድና «የወንዶች በር ነበር። በአያቶቼ ጊዜ ወንድና ሴት ለየብቻ ገብተው ለየብቻ ይቀመጡ ነበር» አሉ።

«እንደ እኛው! ታዲያ የወንዶቹን ደፍናችሁ የሴቶቹን ተዋችሁ?»

«አብሮ መቀመጥ ሲመጣ አንዱ ይበቃል ተባለ። የሚመጡት ሴቶቹ ነበሩ!» አሉና ሁለቱም ሳቁብኝ።

አንድ ጎረቤት ስለ ከበሯችን ሊከሰን ሲል ቤቱ ድረስ ሄደው ያበረዱልንም እሳቸው ናቸው። «አያቶቼ እዚህ ሲዘምሩ የሰፈሩ ላም ደንግጣ ወተት ትከለክል ነበር፤ አንተ ላም እንኳ የለህም» አሉት አሉ።

በእኛ ገና ዕለት ጠዋት፣ በዚያ ብርድ፣ ቀኑን ከልጆቹ አጥንተው ኖሮ ኬክ ይዘው በባስ መጡ። ቤቱ ባዶ ነው። እኔ ብቻ ነኝ፣ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ማሞቂያውን ልጠብቅ የቀረሁት።

«ፒፕል?» አሉኝ፤ ሰዎቹስ ማለታቸው ነው።

«ጄን ኤንድ ፊንች። ቅዳሴ።»

«ዋይ?» አሉ፤ ለምን ማለት ነው።

መዳፌን ዘርግቼ መጀመሪያ በሯን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አሳየኋቸው። ዞረው በሯን አዩ። «ቤቢስ?» አሉ፤ ልጆቹስ ማለታቸው ነው።

«ቤቢስም። ባስ፣ ሰብዌይ፣ እንደገና ባስ» አልኩ፤ የምድር ባቡሩን ጨምሮ ሦስት ጊዜ መሳፈር መሆኑን በጣቴ እየቆጠርኩ።

ኬኩን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሄዱ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ይዘው አባ ኪሮስ ዘንድ መጡ።

«በሩን ዝጉት» አሉ።

«ቃል ሰጥተናል እኮ፣ እማማ» አሉ አባ።

«ቃሉ ለእኔ ነው የተሰጠው፤ እኔ መልሼዋለሁ። ግን መውጣቴን አልተውም። እሑድ እወጣለሁ፣ በእግሬ። አስከሬኔን ከምትሸኙ እኔን ሸኙኝ፤ ማን እንደመጣም አያለሁ።»

ያን እሑድ የነበራችሁ አትረሱትም። ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ከመስበኪያው ሥር ተነሡ። እኛ ግራና ቀኝ ቆመናል። በየወንበሩ ጫፍ እጃቸውን እያሳረፉ በዝግታ መጡ። አንዷ እናት ከኋላዬ «ምን ይባላል? ነፍስ ይማር አይባል!» ስትል ሌላዋ «ዝም ብለሽ አልቅሺ» አለቻት። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ እልል ይላል። እሳቸው ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ኋላ አላዩም። መቃኑን ስመው ወጡ። አባ ኪሮስ በሯን በእጃቸው ዘጉ።

ጥቂት እንደቆየን በቤዝመንቱ፣ በምድር ቤቱ በር በኩል ብቅ አሉና «ቦርሳዬን ረሳሁ» አሉ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ!

በዚያው የበረዶ ክረምት ማብቂያ በሯ ተደፈነች፣ ምዕራቡ ተከፈተ፣ ታቦቱ ገባ። እማማ ኤድናም በአዲሱ በር እየገቡ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በሴቶች በኩል እየተቀመጡ ኖሩ። ሲያማቸው እንኳ ልጆቹን በስም በስም እየጠሩ ይጠይቁ ነበር።

እማማ ኤድና ሆይ፣ ሐሙስ ዕለት የእርስዎ ቄስ ጸለየልዎ፤ አባ ኪሮስም ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ነበር። ከሩቅ የመጡ የድሮ መንደርተኞች ቀብሩ ሲያበቃ በመንገዱ በኩል ሄደው ጡቡን ይዳስሱ ነበር፤ በሩን ፈልገው ነው። «ዙሩ፣ በዚያ በኩል ነው» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው፤ ገቡ፣ ሻይም ጠጡ። ከወገንዎ ገና የሚመጣ ካለ እኔ ቁልፉን ይዤ አለሁ፤ ማንም ከግድግዳው አይመለስም። እርስዎ ግን ሽኝትዎን በዓይንዎ አይተው፣ ማን እንዳለቀሰልዎ አውቀው ሄደዋል። በሰላም ይረፉ፣ እናታችን።