እናቴ ያለችው ጋዝ

እናቴ ስትደውል ጄኔቫ ነበርኩ፤ ፕላንፓሌ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የሥልጠና ክፍል ውስጥ የያዝኩትን የሌዘር መሣሪያ ከመስኮት ማዶ ወደተሰቀለ ላስቲክ አነጣጥሬ። ላስቲኩ በሚቴን ጋዝ ተሞልቷል። መሣሪያው ዓይን የማያየው ብርሃን ይልካል፤ በመንገዱ ሚቴን ካለ ከብርሃኑ ይውጥበታል፤ ምን ያህል ጎድሎ እንደተመለሰ ቁጥሩ ይናገራል። መስታወት አያግደውም፣ ሌላ ሽታም አያታልለውም። አሠልጣኛችን "አፍንጫችሁን እርሱት" እያለ ይቀልድብን ነበር። ሚቴን በራሱ አይሸትም፤ የሚሸተው ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነገር ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ብቻዋን ትቻት ነው የመጣሁት።

"ልጄ፣ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል" አለችኝ፣ ስለ ብርዱ እንደምታወራ ሁሉ።

የሕንጻው ማሞቂያ የሚሠራው በጋዝ ነው። እኔ ደግሞ የጋዝ ፍሳሽ መፈለግ እንጀራዬ ነው፤ አንዲት የመብራት ማብሪያ ምን እንደምታመጣ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።

"እማዬ፣ ምንም እንዳትነኪ። መብራት አታብሪ፣ አታጥፊም። አሁኑኑ ወደ ውጭ ውጪ፤ ስልኩንም ዝጊው።"

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ውጪ ብዬሻለሁ።"

በእናቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ዙሪክ ላለው ባልደረባዬ ደወልኩ፤ "መጣን" አለኝ። ለእናቴ መልሼ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ዕድሜ ልኳን የነገርኳትን ሰምታ የማታውቅ ሴት ዛሬ ቃል በቃል ታዘዘችኝ። ባቡር ብይዝ እንኳ ዙሪክ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ፤ ከጸለይኩ ስንት ዓመቴ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ባልደረባዬ ደወለ።

"ዜሮ" አለኝ። "ሣሩ ላይ ቆመን ሌዘሩን በየመስኮቱ አሳለፍን፤ ከዚያ ደረጃውንም ምድር ቤቱንም አየን። ዜሮ ነው። እናትህ በነጠላ ጫማ እዚህ ቆመዋል፤ ጎረቤት ካፖርት አልብሷቸዋል።" ከዚያ ሳቀ። "ደግሞ ልክ ናቸው፣ ይሸታል። ከናንተ በታች ያለው ሰውዬ በረንዳው ላይ የብስክሌቱን ሰንሰለት በፔትሮሊየም እያጠበ ነው።"

በጀርመንኛ ፔትሮሊየም የሚለው ነጭ ጋዝን ነው። እኛ ሰፈር ጋዝ ማለት ይኸው ነበር፤ ከሱቅ በጠርሙስ ተገዝቶ የሚመጣው፣ ለኩራዝና ለምድጃ የሚሆነው። ስንት ጊዜ ተልኬ ገዝቼዋለሁ። ስምንት ዓመት በጀርመንኛ "ጋስ" ስል ኖሬ፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ሲለወጥ አልታወቀኝም።

ስልኩን ሰጣት። ድምፅዋን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባል የለ፤ ያሸተተው የሷ አፍንጫ፣ ያለቀሰው የኔ ዓይን።

"እኔ ያልኩህ ጋዝ ነው" አለችኝ። "ሲሊንደር ፈነዳ የሚል ከአፌ መቼ ወጣ?"

"ልክ ነሽ፣ እማዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ብርዱ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ ነበር።

"እና አሁን ገብቼ መብራት ባበራ ትቆጣኛለህ?"

"አልቆጣም" አልኳት። "ግቢና ሁሉንም አብሪው።"